ካልተማርክ ገበሬ ትሆናለህ!

ሰሞኑን የ"ባህል ቀን" ወረቀት ያልደረሰው ወላጅ ካለ ዕድለኛ ነው። "ልጅዎ የባህል ልብስ ለብሶ፣ የባህል ምግብ ይዞ እንዲመጣ" ይላል። ከሥሩ የመዋጮው ብር አለ። እኔ ግን ላማርር አይደለም፣ ላመሰግን ነው። ልጅን ዓመቱን ሙሉ "ካልተማርክ ገበሬ ትሆናለህ!" እያሉ ሲያስፈራሩ ከርሞ፣ አንድ ዓርብ ላይ የገበሬ ልብስ አልብሶ ፎቶ ማንሳት ቀላል ጥበብ አይደለም።

አሠራሩ ግሩም ነው። የቤት ሥራ ያልሠራ "እረኛ" ይባላል። ጫማው ጭቃ የነካ "ከገጠር ነው እንዴ የመጣኸው?" ይባላል። ከዚያ ዓርብ ደረሰና "በባህላችን እንኮራለን!" እልል!

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን "የእንሰት ጥግ" ነው። መሃል ላይ ቁመቱ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ የፕላስቲክ ተክል ቆሟል። "እንሰት" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሙዝ ተንጠልጥሎበታል። ቢጫ፣ የበሰለ፣ የፕላስቲክ ሙዝ። አስተማሪዋ በማይክራፎን "ቆጮ የሚሠራው ከዚህ ፍሬ ነው" ስትል ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ። እንሰት ጓሮ ውስጥ ያደጉት የበር ጠባቂ ግን አላስቻላቸውም። "ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ይሄ እኮ ሙዝ ነው። የእንሰት ፍሬው አይበላም፤ ግንዱ ነው የሚፋቀው" አሉ። "አባባ፣ በሩን ይጠብቁልን!" ተባሉ። ሄደው ጠበቁ። ጥጉ አንደኛ ወጣ። ሰርተፍኬት ተሰጠው። ተክሉ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቶ አሁን እንግዳ ይቀበላል። በሳምንቱ ፈተና መጣ፦ "ቆጮ ከምን ይሠራል?" አንዷ ተማሪ "ከግንዱና ከሥሩ" ብላ ጻፈች። ኤክስ! አያቷ ጋ ክረምቱን ስትፍቅ የከረመች ልጅ ናት። ማስረጃ አቅርቢ ብትባል እጇን ነበር የምታሳየው።

ቆይ ግን። እንሰት ሃያ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚመገበው ተክል እኮ ነው። ሲዳማም፣ ጉራጌም፣ ጋሞም ብትሄዱ እናቶች እያንዳንዱን ዝርያ በስሙ ያውቁታል። የቱ ለቃጫ፣ የቱ ተቀቅሎ ለሚበላው ሥር፣ ለአሚቾ፣ የቱ ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆን አይጠፋቸውም። የመሃሉን ቡቃያ አውጥተው ሥሩን አፈር ያለብሱትና ከአንዱ በአሥር የሚቆጠር ችግኝ ያበቅላሉ። የተፋቀውን ጉድጓድ ከትተው፣ ሽታውን አይተው መቼ እንደሚገላበጥ፣ መቼ እንደደረሰ ይናገራሉ። ዝናብ ሲጠፋ እህሉ ይደርቃል፣ እንሰቱ ይጠብቃቸዋል። ይሄን ሁሉ የምታውቅ ሴት ልጇን ልታስመዘግብ ስትመጣ ቅጹ ላይ "የእናት የትምህርት ደረጃ" ይላል። "ያልተማረች" ብለን እንሞላለን። ነውር ነው! ልጇም ምሳ ዕቃውን በክዳኑ ከልላ፣ ቆጮዋን ተደብቃ ትጎርሳለች። ማን እንዲህ አደረጋት? እኛ ነን።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ያንን ቆጮ በልጅነቱ ያፈረበት ወገናችን ዛሬ ክትፎ ቤት ቁጭ ብሎ "ቆጮ ጨምሩልኝ" ይላል። ከለንደን የኪው ዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎች እንሰትን ለማጥናት እዚህ ድረስ መመላለሳቸውን ሲሰማ ደግሞ "ለካ ትልቅ ነገር ነው!" ብሎ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። እናቱ ስትነግረው አልሰማም፤ እንግሊዝኛ አትችልማ።

ኮንሶም ያው ነው። ዩኔስኮ እርከኑን ከነመንደሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ድንጋዩን የደረደረውን ሰውዬ እኛ "መሃይም" ብለን መዘገብነው። ሁለቱም መዝገብ ነው፣ ምን ልዩነት አለው!

ለመጪው ዓመት አንዲት ትንሽ ሐሳብ አለችኝ። ከመዋጮው ላይ ተቀንሶ ለበር ጠባቂው ማይክራፎን ይሰጣቸው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ቀን "ገበሬ" የሚለው ስድብም እስከ ምሳ ሰዓት ይታገድልን። ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል፤ ልጆቹ ከፕሮግራም ወደኋላ እንዳይቀሩ።