ክብር ለጋሼ መስኮቱን ዝጋው

ሰሞኑን ጉንፋኑ ከተማውን እያመሰው ስለሆነ መመስገን ያለበትን ሰው ማመስገን ግዴታችን ነው፣ እሳቸውም ከመገናኛ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ገና ሳይቀመጡ "ኧረ ያንን መስኮት ዝጋው፣ ብርድ ሊመታን ነው!" የሚሉት ጋሼ ናቸው። እድሜ ለሳቸው፣ ትርፍ የጫነች ታክሲ ውስጥ የሁላችንም ትንፋሽ ሳይባክን እየዞረ ለሁሉም ይዳረሳል።

በነገራችን ላይ ጋሼ ራሳቸው ጉንፋን ይዟቸዋል። አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑት ሲስቁ ነው፣ ሲያስሉማ በነፃነት ነው። አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ሙልጭ አርገው ይጠርጉና በዛው እጅ ሂሳብ ያወጣሉ፣ ያቺ ብር ደግሞ ከኋላ ወንበር ወያላው ጋ እስክትደርስ በስንቱ እጅ ታልፋለች። ከዛ በኋላ አንዱ አይኑን እስኪያሽ ነው የሚጠበቀው፣ ዋናው የጉንፋን አምጪ ራይኖቫይረስ የቀረውን መንገድ ራሱ ያውቀዋል። አይነቱ ደግሞ ከ150 በላይ ስለሆነ አንዱን ብንለምደው ጋሼ ሌላ አያሳጡንም፣ ለጋስ ናቸው።

እሳቸውን ብትጠይቁ ጥፋተኛው ንፋስ ነው፣ ቫይረስ ምናምን የፈረንጅ ወሬ ነው። (ቀዝቃዛ አየር አስም ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ይሄን አልክድም፣ ግን ጉንፋኑን ያመጣው የጋሼ ሳል እንጂ መስኮቱ አይደለም።) ለጤነኛ ሰው ያው የሳምንት ንፍጥ ነው፣ ያልፋል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ ግን አስም አለባት፣ የአየር ቧንቧዋ ድሮም የተቆጣ ነው፣ ቫይረሱ ሲገባበት ደግሞ የቧንቧው ሽፋን መከላከያውን ቶሎ አያወጣም፣ ይልቅ ቁጣውን የሚያባብስ ኬሚካል ይለቃል፣ ቧንቧው ያብጣል አክታ ይሞላል ጡንቻው ይኮማተራል፣ በቃ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ ሌሊት ደረቷ ሲጥ ሲጥ እያለ ቁጭ ብላ ታድራለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዝ ሀገር የተማሪ ልጆች አስም ሲነሳ ሲመረመር ከ10 ጊዜ 8ቱን ያህል ቫይረስ ተገኝቶ ነበር፣ በብዛት ይሄው ራይኖ። ጋሼ እኮ ይሄን ሁሉ የሚሰሩት በታክሲ ሂሳብ ብቻ ነው!

ውለታቸው በዚህ አያበቃም። ልጅቷ ኢንሄለሯን ስታወጣ አባታዊ ምክር አላቸው።

"ልጄ ተይው ይሄን ነገር፣ ሱስ ያሲዛል። ዝንጅብል በማር ጠጪበት፣ ካልሆነም አሞክሳሲሊን ቤት ተርፎኛል እሰጥሻለሁ።"

አሞክሳሲሊን ቫይረስን ንክች እንደማያደርግ፣ በየቀኑ የሚሳበው ኢንሄለር ደግሞ ቁጣውን አብርዶ ጉንፋን ሲመጣ እንዳይብስባት የሚረዳ እንደሆነ ማን ደፍሮ ይንገራቸው።

"ጎረቤቴም እንዳንቺው ነበረች፣ መክሬ መክሬ አስጣልኳት።"

"እና አሁን ተሻላት ጋሼ?"

"አሁንማ ኦክስጅን ላይ ነች፣ እግዜር ይማራት" አሉና አንዴ ደህና አርገው ሳሉ።