የ98 በመቶ አለቆቻችን ይኑሩልን

የታዳሽ ኃይል ኩባንያ ውስጥ የዳታ ሳይንስ ቡድን መምራት ከባድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ከባድ የሚሆነው ተርባይኑ ድረስ ሄዶ የጥገና መዝገብ ለሚያገላብጥ፣ «ይቺ ቁጥር ከየት መጣች?» እያለ ቀኑን ለሚፈጅ ምስኪን ነው። የዘመኑ አለቆቻችን ግን፣ ክፉ አይንካቸውና፣ ሥራውን እንዴት እንዳቀለሉት አይቶ ዝም ማለት ንፉግነት ነው።

የትንበያውን ነገር እንውሰድ። በብዙ የኤሌክትሪክ ገበያዎች አምራቹ ነገ በየሰዓቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚያቀርብ ዛሬ ያሳውቃል። ከተናገረው በታች ካመነጨ ጉድለቱን ከኪሱ ይሸፍናል። ቡድኑ የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። ታዲያ አለቃችን ቦርዱ ፊት ቆመው «የሶላር ትንበያችን 98 በመቶ ትክክል ነው» ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያ ይነቅላል። ይገባቸዋላ! እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ ማንም ያላሰበውን መላ ዘይደዋል፤ ሌሊቱንም ቆጥረውታል። ሞዴሉ፣ ማለትም የትንበያ ፕሮግራሙ፣ ከምሽት እስከ ንጋት «ዜሮ» ይላል፣ ፀሐይም ቃሉን አክብራ ዜሮ ትሰጣለች። በዓመት ካሉት 8,760 ሰዓታት ግማሽ ያህሉን ያለ አንዳች ስሕተት መተንበይ ቀላል ነገር መሰላችሁ? የቀረው ግማሽ፣ ያው ደመና የሚባል ነገር ያለበት፣ ትንሽ ቢያስቸግርም አማካዩ ውስጥ ገብቶ ድምፁን ያጠፋል።

አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ በስብሰባ መሐል «ሌሊቱን አውጥተን ብናሰላውስ?» ብላ ነበር። አለቃችን አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አባታዊ ፈገግታ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ሌሊቱን ለምን እናገላለን? አካታች መሆን አለብን እኮ» አሏት። ልጅቷ ደብተሯን ከደነች። ስብሰባው ወደ ዋናው አጀንዳ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ወደሚታዩበት ሰሌዳ፣ ወደ ዳሽቦርዱ ቀለም አለፈ። ታዳሽ ኃይል እስከሆነ ድረስ አረንጓዴው ማነሱ የሁሉም ስጋት ነበርና፣ ሁለት ዶክትሬት ያላቸው ባለሙያዎች እንዲያደምቁት ተመደቡ።

ጨዋነታቸውንም ሳላነሣ አላልፍም። በሙያው አንድ የታወቀ ደረቅ ግምት አለ፤ «ቀጥሎ የሚመጣው እንዳሁኑ ነው» ይላል፣ በቃ። ለሚቀጥሉት አንድ ሁለት ሰዓታት ሲሆን ይህ ግምት ብዙ የተራቀቀ ሞዴል አሳፍሯል፤ ስለዚህ ማንኛውም ትንበያ መጀመሪያ እሱን ይርታ ይባላል። አለቃችን ግን ማንንም ማዋረድ ስለማይወዱ ሞዴላቸውን ከእሱ ጋር አንድም ቀን አላፎካከሩትም። ቢሸነፍስ? ትራንስፎርመር የሚሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ነው እኮ! ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም ሲያወራለት የኖረ ሞዴል በአንዲት መስመር ኮድ ሲረታ ማየት ለማን ይበጃል?

ንባብ ላይም እንደ እሳቸው ያለ የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ጉግልና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ዲፕማይንድ የነፋስ ኃይልን 36 ሰዓት ቀድመው በመተንበይ ዋጋውን በ20 በመቶ ያህል ከፍ እንዳደረጉ ሲያስታውቁ፣ አለቃችን ቁጥሯን በማግሥቱ ስላይዳቸው ላይ አሰፈሯት። ማስታወቂያው ንጽጽሩ በየሰዓቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚቀርብ ምንም ቃል ካለመግባት ጋር መሆኑንም ይገልጻል። ያቺ ሐረግ ስላይዱን ስላጣበበች ብቻ ተቀነሰች እንጂ በክፋት አይደለም። ጉግል 20 በመቶ ካገኘ እኛስ ምን ጎደለን? ተርባይን አለን፣ ስላይድ አለን።

የነፋሱን ነገር ግን ረጋ ብለን እንየው፤ ችሎታቸው በደንብ የሚታየው እዚያ ነው። የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በፍጥነቱ ላይ 10 በመቶ የተሳሳተ ሰው በጉልበቱ ላይ 33 በመቶ ያህል ይሳሳታል። ሰነፍ መሪ ይህን ሲሰማ «መለኪያው ደህና ነው ወይ?» ብሎ ይሯሯጣል። መለኪያው ያለው ደግሞ ተርባይኑ አናት ላይ፣ ከክንፎቹ ጀርባ ነው፤ ክንፎቹ ያመሱትን ነፋስ ነው የሚለካው። በክረምት በረዶ ሲይዘው ጭራሽ ይቆማል። ክንፎቹ እየዞሩ፣ ኃይሉ እየመነጨ፣ ነፋሱ ግን «የለም» ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ በደረሰ ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ ተአምር ታየ። አልበርት ቤትዝ የሚባለው ጀርመናዊ ከመቶ ዓመት በፊት ተርባይን ከሚያልፍበት ነፋስ ጉልበት ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ እንደማይችል አስልቶ ነበር። የእኛው ተርባይን ቁጥር 7 ይህን ወሰን ጥሶ ሄደ። አለቃችን ለቦርዱ «ሪከርድ» ብለው ሊያቀርቡት ሲሰናዱ ከጣቢያው ቴክኒሻን ስልክ ተደወለ።

«ኢንጂነር፣ የሰባት ቁጥር መለኪያ በረዶ ይዞት ነበር።»

«ወንድሜ፣ እሱ የኦፕሬሽን ጉዳይ ነው። እኛ የምንሠራው ዳታ ላይ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሥራን ለባለቤቱ መተው ይሉታል ይኼ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ግሪዱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መረቡ፣ ሲጨናነቅ ወይም ኃይል ሲተርፍ «ተርባይኖቹን አቁሙ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር እየጋለበ ምርቱ ዜሮ ይሆናል። ትእዛዙን ተረኛው ሠራተኛ የራሱ ኤክሴል ላይ ይጽፈዋል፣ ፋይሉም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ያድራል። ወደ ሞዴሉ አይመጣም፤ ማንም አልጠየቀውማ። ሞዴሉ የዋህ ነው፣ ያሳዩትን ያምናል። ስለዚህ «ነፋስ ሲበረታ ኃይል ይጠፋል» የሚል አዲስ ፊዚክስ ተማረና በማዕበል ዋዜማ ምርት የለም ብሎ አረፈ። ወደ ተረኛው ሄዶ ፋይሉን መለመን ግን የመሪ ወግ አይደለም። አለቃችን የመረጡት መፍትሔ ሞዴል የሚያሠለጥኑ ተጨማሪ 8 ጂፒዩ የሚባሉ ፈጣን የኮምፒውተር ቺፖች መግዛት ነው፤ አዲሱን ፊዚክስ በፍጥነት እንዲማር።

ለመሆኑ ውሂቡ የታለ ብትሏቸው ጣታቸውን ወደ ላይ ይቀስራሉ፤ ክላውድ፣ ማለትም «ደመና» በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እዚያው ሰማይ ላይ የአንዱ ጣቢያ ሰዓት በግሪንዊች፣ የሌላው በአካባቢው አቆጣጠር ስለተመዘገበ፣ ፀሐይ ሳትወጣ የሚያመነጩ ፓነሎች ባለቤት ለመሆንም በቅተናል።

በመጨረሻ የፋይናንስ ክፍሉ የጉድለት ሂሳቡን ይዞ መጣ። ወር በወር እያበጠ የሄደ ሂሳብ ነው። ሌላ አለቃ ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ የእኛው ግን ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይህ እኮ ዕድል ነው» አሉ። የሚቀጥለውን ወር ቅጣት ቀድሞ የሚተነብይ ሞዴል በአስቸኳይ እንዲሠራ ታዘዘ፣ በጀት ተያዘ፣ ስምም ወጣለት። ሥራው ለዚያች ለአዲሷ ልጅ ተሰጠ። ከሰዓት በኋላ ጨርሳ አስረከበች። «የሚቀጥለው ወር እንዳለፈው ነው» የምትል አንዲት መስመር ኮድ ናት፤ እስካሁን ከሠራናቸው ሁሉ እንደ እሷ ያልሳተ ሞዴል የለንም። አለቃችን በሚመጣው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ራሳቸው ያቀርቧታል።