ጎበዝ መምህርን መሸለም ወይስ ማስተማርን በደረጃ ዕድገት መመዘን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ጎበዝ መምህራንን እየመረጠ መሸለሙ ማስተማርን ያሻሽላል ወይ?

ደጋፊ፦ ያሻሽላል። የምርምር ሥራ ታትሞ ይነበባል፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ግን ከተማሪዎቹ በቀር የሚያየው የለም። ሽልማቱ ያንን ሥራ ለባልደረቦች ያሳያል።

ተቃዋሚ፦ መታየቱን አልጠላሁም፤ ጥያቄዬ በምን ይለካል ነው። ምርጫው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጨረሻ ከሚሞሉት የግምገማ ቅጽ ነው። 40 ተማሪ ካለበት ክፍል 12ቱ ብቻ ሞሉ እንበል። ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው ነጥብ፣ ከመካከላቸው አንዱ 5 መስጠቱን ትቶ 1 ቢሰጥ አማካዩ በ0.33 ይወርዳል። 4.6 ያገኘውን ከ4.4 የሚያስበልጥ ኮሚቴ የአንድ ሰው ቅሬታ እየለካ ሊሆን ይችላል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ካረልና ዌስት በ2010 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ተማሪዎች ለመምህራን በዕጣ በሚመደቡበት በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ፣ ካልኩለስ በተባለው የሂሳብ ኮርስ ጥሩ ግምገማ ያገኙት መምህራን ያስተማሯቸው ተማሪዎች በተከታዮቹ ኮርሶች ዝቅ ያለ ውጤት የማምጣት አዝማሚያ ነበራቸው።

ደጋፊ፦ ቅጹ ብቻውን ዳኛ ይሁን አላልኩም። በ2019 የታተመ የሃርቫርድ የፊዚክስ ጥናትም በተሳትፎ የተማሩት ገለጻ ካዳመጡት የበለጠ ቢያውቁም ያነሰ የተማሩ እንደመሰላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ተማሪውን «መምህሩ ጎበዝ ነው?» ብለን አንጠይቀው። «የቤት ሥራህ በስንት ቀን ታርሞ ተመለሰ? ስህተትህን እንዴት እንደምታስተካክል ተጽፎበታል?» እንበለው፤ ያየውን ይመስክር። ከዚያ ሁለት የሠለጠኑ ታዛቢዎች በሴሚስተሩ ሁለት ጊዜ ክፍል ይግቡ፤ አንዱ ከሌላ ትምህርት ክፍል ይምጣ። ከመግባታቸው በፊት የዕለቱን ዓላማ ከመምህሩ ይስሙ። ይህ ከተዘለለ የሚመዝኑት የንግግር ችሎታን ነው።

ተማሪዎች ያሳዩት ለውጥም ይታያል። በኮርሱ መጀመሪያና መጨረሻ ተመሳሳይ ፈተና ይሰጣል፤ ጭማሪው፣ መጀመሪያ ላይ ለመቶ ለጎደለው ይካፈላል። ከ40 ወደ 70 የደረሰ ክፍል 30 ለ60፣ ማለትም 0.5 ያገኛል፤ ከ70 ወደ 85 የደረሰውም 15 ለ30፣ እንደዚያው 0.5። ጎበዝ ተማሪ የደረሰው መምህር በዚያ ብቻ አይበልጥም።

ተቃዋሚ፦ ስሌቱ ጥሩ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ሄክ በ1998 ከ6,000 በሚበልጡ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ ሲጠቀምበት፣ በተለመደው ገለጻ በአማካይ 0.23፣ በአሳታፊ ዘዴ 0.48 አግኝቷል። ግን ሽልማት ሲንጠለጠልበት ፈተናውን ብቻ የሚያስጠና ይመጣል። ደካሞቹ ኮርሱን ጥለው ከወጡና የሚቆጠሩት የቀሩት ብቻ ከሆኑም ቁጥሩ ያብጣል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ እጩው ለኮሚቴው የሚያቀርበው የማስረጃ ማህደር ነው። የ300 ተማሪዎችን ወረቀት የሚያርም የአንደኛ ዓመት መምህር፣ ሠላሳ ገጽ ማስረጃ የሚያዘጋጀው መቼ ነው? 15 ተማሪ ያለው ይቀድመዋል።

ደጋፊ፦ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ማህደሩ ከ8 ገጽ አይብለጥ፤ የኮርሱን ዕቅድ፣ አንድ ፈተናና ሦስት የታረሙ የተማሪ ሥራዎች ኮሚቴው ራሱ ይሰብስብ። ትልልቅ ክፍሎች ከትልልቆች ጋር ይወዳደሩ። ኮርሱን በጋራ የሠሩትም በቡድን ይቅረቡ።

ተቃዋሚ፦ ይህን ሁሉ ካሟላን ለአንድ አሸናፊ ብቻ ለምን እናውለዋለን? ሁሉም መምህር በየሦስት ዓመቱ በዚሁ ማስረጃ ይመዘንና ውጤቱ ለደረጃ ዕድገት ይያዝለት። ዕድገት በሕትመት ብዛት እስከተወሰነ ድረስ ወጣቱ መምህር ሰዓቱን የሚሰጠው ለሕትመት ነው፤ ሜዳሊያ ያንን አይለውጠውም።

ደጋፊ፦ ለደረጃ ዕድገት የሚቀርብ ፋይል በምስጢር ተይዞ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ማንም አይማርበትም። የተሸላሚው ፈተናና የእርማት መመሪያ ግን ለባልደረቦቹ እንዲከፈት በደንቡ ማስገደድ ይቻላል።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ያ ግዴታ በደንቡ መጀመሪያ ይጻፍ፤ ፈተናውን ለማሳየት ያልፈቀደ እጩ አይመዝገብ። የማስተማር ምዘናው በዕድገት መመሪያው ውስጥ የራሱ ነጥብ እስካላገኘ ድረስ ግን ድምፄን ለሽልማቱ አልሰጥም።