የጣና ግድግዳዎች ስለ ዘመናቸው ዝም አላሉም

«ማኅበረሰብንና ፖለቲካን በግድግዳ ላይ መሣል ከፈረንጅ ከተሞች የተቀዳ ነው፤ የጣና ገዳማት ሥዕሎች ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ውጪ ምንም አይናገሩም» ለሚለው አስተያየት እርማት አለኝ። አባባሉ ባሕር ዳር ውስጥም ይሰማል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው።

ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን እንይ። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ከእመቤታችንና ከልጇ ሥዕል ግርጌ እቴጌይቱ ራሳቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ይህ በእርግጥ ጸሎት ነው፤ ጸሎት ብቻ ግን አይደለም። ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር የመንግሥቱን ሥራ የያዙት እሳቸው ነበሩ። ፊደል የማይለይ ምእመን እንኳ ሥዕሉን አይቶ ደብሩን ማን እንዳሠራው፣ ሥልጣንም በማን እጅ እንዳለ ይረዳ ነበር።

ወደ ዘጌም እንሻገር። በዚያ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ በጨርቅ ተሥለው መቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፉት ሥዕሎች፣ የጥንት ታሪክ ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው ይታያሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጠመንጃ ከየት መጣ? ሠዓሊው የሣለው በዓይኑ የሚያውቀውን ሠራዊት ነው። ክፉዎችን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ መሣልም የቆየ ልማዳችን ነው፤ ፍርዱ ያለ ጽሑፍ ይነበባል።

ልዩነት የለም አልልም። የዛሬ ወጣት በአጥር ግንብ ላይ ገዥን ሊወቅስ ይችላል፤ የደብር ሠዓሊ ግን የአሠሪውን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር።