የቀርከሃ ሳጥን ማር አይሰጥም

ወንድሜ፣ «ቀርከሃ ቆራርጠህ ሳጥን ውስጥ ደርድር፤ ንቦች ይገቡበታል፣ ማርም ትቆርጣለህ» ብለህ የጻፍከው ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣም ይገባኛል፤ እኛ አገር ባዶ ቀፎ ታጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋው ይገባበታል። ግን ቀፎ ሰፊ ቤት ነው። የማር ንብ በሺዎች ሆና ከንግሥቷ ጋር ነው የምትኖረው። ትንሽ ጣት እንኳ በማያስገባ ቀዳዳ ምን ትሠራለች?

እዚያ የሚገቡት ለየብቻ የሚኖሩ የዱር ንቦች ናቸው። ማር አያከማቹም። ሴቷ የአበባ ዱቄት ሰብስባ ቀዳዳው ውስጥ ታስቀምጣለች፣ እንቁላል ትጥልበታለች፣ ከዚያ እንደ ዝርያዋ በጭቃ ወይም በቅጠል ትዘጋዋለች። የጽጌረዳህ ቅጠል ዳር በመቀስ በክብ የተቆረጠ ከመሰለ የቆረጠችው በቅጠል የምትዘጋዋ ንብ ናት። መድኃኒት እንዳትረጭ! አትክልቱን የማይጎዳ ነገር ነው፤ እሷም አበባህን እየዞረች ታዳቅልልሃለች።

ለእነዚህ ንቦች ሳጥኑን ልትሠራ ከፈለግህ፣ የቀርከሃው ቀዳዳ ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው። ከኋላ ድፍን ይሁን፤ የቀርከሃው አንጓ ለዚህ ይበቃል። አፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ስንጥር ክንፋቸውን ይቀድዳል። ዝናብ የማያገኘው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያየው ግድግዳ ላይ አጥብቀህ በሚስማር ምታው እንጂ እንደ ቀፎ አታንጠልጥለው።

ትልቅ ሳጥንም አያስፈልግም። ሲጨናነቁ ጥገኛ ነፍሳትና ሻጋታ ይበዛል። ያረጀውን ቀርከሃ ንቦቹ ከወጡ በኋላ ቀይረው። ደግሞ አብዛኞቹ የዱር ንቦች መሬት ቆፍረው ነው የሚኖሩት፤ ለእነሱ ጥግ ላይ ያልተቆፈረ፣ ሣር ያልሸፈነው ደረቅ አፈር ተውላቸው።