የቀዳዳው ብዛት ብቻ አይበቃም

ዩሪያን (በደምና በሽንት ውስጥ ያለውን የሰውነት ቆሻሻ) ስለሚለኩ ሴንሰሮችና ስለሚሠሩበት ቀዳዳማ ቁስ የቀረበው ጽሑፍ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። «ቁሱ ቀዳዳው በበዛ ቁጥር የዩሪያ ሴንሰሩ ይሻላል» ተብሎ ታልፏል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሥራውን የሚሠራው በቁሱ ቀዳዳ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚፈለገው ዩሬዝ የተባለው ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው። ዩሪያን በውሃ ሰብሮ ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል። ሴንሰሩ የሚያነበው ዩሪያውን ራሱን ሳይሆን ይህን ለውጥ ነው፤ አሞኒያው ውሃ ውስጥ የሚፈጥረውን የአሞኒየም አዮን ወይም የፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) መጨመሩን።

ችግሩ ዩሬዝ ግዙፍ ፕሮቲን መሆኑ ነው። ከጃክ ባቄላ የሚገኘው ወርዱ ከ10 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ይበልጣል። (አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ሰምነር በ1926 እ.ኤ.አ. ክሪስታል ያደረገው ይህንኑ ዩሬዝ ነው፤ ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን ብዙዎች አናምንም ባሉበት ዘመን።) ታዲያ የቁሱ ቀዳዳ 2 ናኖሜትር ከሆነ በየት በኩል ይገባል? ደጅ ይቀራል። ያ ሁሉ የውስጥ ስፋት ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ ለኢንዛይሙ ምንም አይፈይድለትም። ቀዳዳው ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ እንደገባ ታጥቦ ይወጣል። ሌላ መላም አለ፤ ቁሱን በኢንዛይሙ ዙሪያ ማሳደግ። ያኔ ትንሿ ዩሪያ በጠባቡ ቀዳዳ ትገባለች፣ ኢንዛይሙ ግን መውጫ የለውም። እኔ በበኩሌ ይሄኛው ይበልጥ ይማርከኛል።

ስለ ናሙናው ደግሞ ምንም አልተባለም። ሽንት ውስጥ ቀድሞም አሞኒየም አለ። ደም የፒኤች ለውጥን ያለዝባል። እንደ ሜርኩሪ ያሉ ብረቶች ዩሬዝን ሥራ ያስፈቱታል። ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የጠቀሱት ውጤት የተለካው በንጹህ የላብራቶሪ ፈሳሽ ነው ወይስ በእውነተኛ ደምና ሽንት?