የመጠይቅ ነጥብ ምርመራ አይደለም

የዩኒቨርሲቲ ጥናቶችን ውጤት የሚዘግቡ ዜናዎችን የሚከታተል አንባቢ አንድ ዓይነት ርዕስ ደጋግሞ ሳያጋጥመው አይቀርም፤ በዚህ ከተማ ከወለዱ እናቶች፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩ ተማሪዎች ወይም የስኳር ሕመም ክትትል ካላቸው ታካሚዎች መካከል ከመቶ ሠላሳው ወይም አርባው በድባቴ ይሠቃያሉ የሚል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዛመታል፤ በየስብሰባውም ይጠቀሳል። ጥናቱን ገልጦ ላነበበው ግን ብዙውን ጊዜ ከተሳታፊዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያነጋገረና የመረመረ ሐኪም የለም። መረጃ ሰብሳቢዎች መጠይቅ ያስሞላሉ፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ከተወሰነው ነጥብ በላይ ያገኘ ሁሉ «ድባቴ ያለበት» ተብሎ ይመዘገባል። ልየታን፣ ማለትም ሕመሙ ሊኖርባቸው የሚችሉ ሰዎችን በመጠይቅ ማጣራትን፣ እንደ ምርመራ የሚቆጥረው ይህ ልማድ በጊዜ ሊታረም ይገባል ባይ ነኝ።

በአገራችን ጥናቶች በብዛት የምናገኘው መጠይቅ ፒኤችኪው-9 የሚባለው ነው። ሮበርት ስፒትዘር፣ ከርት ክሮንኬ እና ጃኔት ዊሊያምስ አሜሪካ ውስጥ ያዘጋጁት ሲሆን፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለታዩ ዘጠኝ ምልክቶች ይጠይቃል፤ ስለ ሐዘን ስሜት፣ ፍላጎት ስለማጣት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ምግብ ፍላጎት እያለ ሞትን እስከመመኘት ይደርሳል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ከፍተኛው ድምር 27 ነው፤ በተለምዶ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ይባላል። አጭርና ርካሽ በመሆኑ ለጤና ጣቢያ ሥራ እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ቁጥሩ ከሚነበብበት መንገድ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ መጠይቅ ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ፈትሾታል። 926 አዋቂ ታካሚዎች መጠይቁን የሞሉ ሲሆን፣ ከእነርሱ የተወሰኑትን ደግሞ ነጥባቸውን ያላወቀ የአእምሮ ሐኪም በቃለ መጠይቅ መርምሯቸዋል። ሁለቱ ውጤቶች ሲነጻጸሩ፣ 10ን መነሻ ያደረገው መጠይቅ ሕመሙ ካለባቸው መካከል 86 በመቶውን ለይቷል፤ ሕመሙ ከሌለባቸው መካከል ግን በትክክል «የለባቸውም» ያለው 67 በመቶውን ብቻ ነው። ይህ ለልየታ መጥፎ ውጤት አይደለም። ነገር ግን በእነዚሁ አኃዞች ትንሽ ስሌት እንሥራ። ከአንድ ሺህ ሰዎች መካከል መቶው በእርግጥ ድባቴ አለባቸው ብንል፣ መጠይቁ ከመቶው 86ቱን ያገኛቸዋል፤ ሕመሙ ከሌለባቸው 900 ሰዎች ደግሞ 297ቱን ታማሚ ናቸው ይላል። ድምሩ 383 ነው። እውነተኛው ስርጭት 10 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ከ38 በመቶ በላይ ይሆናል፤ «ድባቴ አለባቸው» ከተባሉት አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ደግሞ የሌለባቸው ናቸው። መጠይቁ ከሆስፒታል ውጭ፣ በየመንደሩ ሲሞላ አኃዞቹ ከዚህ ሊለዩ ይችላሉ፤ ቢሆንም ርዕስ የሚሆነው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ስሌቱ በቂ ፍንጭ ይሰጣል።

መነሻ ነጥቡ ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአእምሮ ጤና ተመራማሪዋ ሻርሎት ሃንሎን እና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ በገጠር ጤና ጣቢያዎች መጠይቁን ሲፈትሹ የተሻለ ሆኖ ያገኙት 10ን ሳይሆን 5ን ነው። የዚሁ ቡድን ተመራማሪዎች ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በስኮትላንድ ለወለዱ እናቶች የተዘጋጀውና በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የኤድንብራ መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር ያን ያህል እንዳልሠራ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሃያ «አዎ ወይስ አይደለም» ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ግን የተሻለ እንደነበር አሳይተዋል። ቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጤና ምርምር የሚካሄድባት ከተማ ናት፤ ይህን መሰሉን አድካሚ ሥራ ሠርታ ያሳየችን እርሷ ሆና ሳለ፣ ትምህርቱን ሳይወስዱ ነጥቡን ብቻ ቀድተው የሚሄዱ የመመረቂያ ጽሑፎች መብዛታቸው ያሳዝናል።

ችግሩ የት ላይ እንዳለ ለማየት መጠይቁ ሲሞላ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይበቃል። ልጇ በቤይሩት በኩል ድምፁ የጠፋባት አንዲት እናት ፊት መረጃ ሰብሳቢው ተቀምጧል እንበል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ አልወስድ ብሎሽ ያውቃል?» ይላታል። እርሷ ስለ ልጇ፣ ስልኩ ከተዘጋ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ስለ ደላላው መተረክ ትጀምራለች። እርሱ ግን የሚያስፈልገው ከአራት መልሶች አንዱ ነው፤ «ጥቂት ቀናት ነው ወይስ ከግማሽ በላይ?» ብሎ ያቋርጣታል። በክረምት እህል ባለቀበት ቤት ደግሞ ድካምና የምግብ ነገር ሲጠየቅ የሚመዘገበው ነጥብ ምን ያህሉ የአእምሮ ሕመም፣ ምን ያህሉ ረሃብ እንደሆነ ወረቀቱ መለየት አይችልም። ከሐኪም ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ግን «ለምን?» ብሎ መከታተል ይችላል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባት ድባቴ መስለው መምጣታቸውን ያጣራል፤ ሰውየው ከዚህ በፊት ያለ እንቅልፍ በከፍተኛ መነቃቃት ያሳለፈው ጊዜ መኖሩንም ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ድባቴና ከፍተኛ መነቃቃት የሚፈራረቁበት የባይፖላር ሕመም ላለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ለብቻው መስጠት ሌላ መዘዝ ሊያመጣ ይችላልና።

ሐኪሞቹስ መቼ ተስማሙ የሚል ቢኖር ተቃውሞው ተገቢ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ላወጣው መመሪያ በተደረገው ሙከራ፣ ሁለት ሐኪሞች አንድን ታካሚ ለየብቻ መርምረው ስለ ድባቴ የደረሱበት ስምምነት 0.28 ብቻ ነበር፤ 1 ፍጹም ስምምነት፣ 0 ደግሞ በአጋጣሚ ከሚገኘው ያልተሻለ ማለት ነው። መስፈርቱ ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱን ስለሚጠይቅ፣ ሐዘን ወይም ፍላጎት ማጣት የግድ ይኑር ቢባልም እንኳ ምልክቶቹ በ227 መንገዶች ሊገጣጠሙ ይችላሉ። አይኮ ፍሪድ እና ራንዶልፍ ኔሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ምልክቶቹን ከዘጠኙ ይበልጥ ዘርዝረውና ከፋፍለው የ3,703 ታካሚዎችን መረጃ ሲመረምሩ 1,030 የተለያዩ የምልክት ስብስቦችን አግኝተዋል። ሕመሙን በደም ወይም በአንጎል ምስል የሚያረጋግጥ፣ በሕክምና ሥራ ላይ የዋለ ምርመራ እስካሁን የለም። እንግዲህ የሠለጠነ ባለሙያ ጊዜ ወስዶ እንኳ የሚቸገርበትን ነገር በአጭር ሥልጠና የተላከ መረጃ ሰብሳቢ በጥቂት ደቂቃ ይወስነው ማለት የባሰ ነው።

በሌላ በኩል ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ችግርም አለ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት አገሮች የተካሄደው ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት በሶዶ ወረዳ ባደረገው ጥናት፣ ድባቴ እንዳለባቸው በመጠይቅ የተጠረጠሩ ታካሚዎች ከጥቂቶቹ በስተቀር በጤና ጣቢያ ሳይታወቅላቸው እንደሚመለሱ ታይቷል። ሰዎች የሚመጡት ራስ ምታት፣ የጨጓራ ማቃጠልና የሰውነት መዛል ይዘው ነው፤ ማስታገሻ ይሰጣቸዋል፣ ይሄዳሉ። ይህን የአገራችን ሰው ጠባይ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በ14 አገሮች የተሠራውን ጥናት ቢያነብ ይገረማል፤ ድባቴ ከተገኘባቸው 1,146 ታካሚዎች 69 በመቶው ወደ ሐኪም የመጡበትን ምክንያት ሲጠየቁ የተናገሩት የአካል ሕመም ብቻ ነበር። ስለዚህ በጥናት ወረቀት ላይ ታማሚው ከልክ በላይ ሲበዛ፣ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ጨርሶ ይጠፋል፤ በሁለቱም ቦታ የጎደለው ሰውን አዳምጦ የመመርመር ጊዜ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። መጠይቁ ለሁሉም ይሞላ፤ ከዚያ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን በሙሉ፣ ዝቅተኛ ካገኙት ደግሞ በዕጣ የተመረጡትን የአእምሮ ጤና ባለሙያ በቃለ መጠይቅ ይመርምራቸው፤ ስርጭቱም በዚያ ይታረም። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሆኖም በየወረዳው ከሚሠሩ አሥር የመጠይቅ ጥናቶች አንድ እንዲህ ያለ ጥናት ይሻላል። አቅም የሌለው ተመራማሪ ቢያንስ በርዕሱ ላይ «የድባቴ ምልክቶች» ብሎ ይጻፍ፤ ጋዜጠኛውም የመረመረ ሐኪም መኖሩን ሳይጠይቅ ቁጥሩን አያውጣ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዘጠነኛው ጥያቄ ነው። ራሷን ለማጥፋት እንዳሰበች ለመረጃ ሰብሳቢው የነገረች ሴት ነጥቧ 3 ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያስ? በጥናት ዕቅዱ ላይ «ወደ ጤና ተቋም ይላካሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች ግን የሚላኩበት ተቋም በስሙ እንዲጠቀስ፣ በዚያ የሚቀበላቸው ባለሙያ መኖሩ እንዲረጋገጥና ስንቱ ተልኮ ስንቱ እንደደረሰ በመጨረሻው ሪፖርት እንዲገለጽ ሊያስገድዱ ይገባል። ይህን ማሟላት ያልቻለ ጥናት ፈቃድ ባያገኝ እመርጣለሁ።